ግማሽ ደጋን ትንፋሽ፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ከተመለስኩ ቀናት አልፈዋል፤ ትከሻዬ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ቼሎ ተሸክሞ ወሎ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ ስለማይኖር ነው ይህን የምጽፈው። የሚያነበው ሰው ሐይቅንም አምባሰልንም ላያያቸው ይችላል። እኔም ብዙውን አላየሁትም። ያየሁት መንገዱን፣ ያሳደሩኝን ሰዎችና ትንፋሽ ያጠራቸውን አንድ አባት ነው።

ሥራዬን አስቀድሜ ላስረዳ። ቼሎ እጫወታለሁ፤ ዮጋና አተነፋፈስ አስተምራለሁ። ቼሎ ተቀምጠው በጉልበት መሃል አቁመው በደጋን የሚጫወቱት፣ አራት ክር ያለው፣ ድምፁ ከማሲንቆ ወፈር የሚል የፈረንጅ መሣሪያ ነው። ሁለቱንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልክ እያየሁ ነው የተማርኳቸው። ዮጋውን የጀመርኩትም ቼሎው ወገቤን ስላሳመመኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎች ለስልጠና የመጡ እንግዶችን ጠዋት ጠዋት እንዳፍታታ ይጠሩኛል። እንግዶቹ ምንጣፍ ላይ ይጋደማሉ፣ እኔ የጥንት ክላሲካል እጫወትላቸዋለሁ፣ እነሱ ይተኛሉ። ሥራዬ ያማረ ዕለት የሚነቃ የለም። ለተኛ ሰው መጫወት እንዲህ ያደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዘሐራን ያገኘኋት ከእነዚህ ጠዋቶች በአንዱ ነው። ሐይቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ለስልጠና መጥታ ነበር። ሌላው ሲያንኮራፋ እሷ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ስጨርስ መጣችና «ይሄ አተነፋፈስ ለታመመ ሳንባ ይሆናል?» አለችኝ።

«ሐኪም አይደለሁም» አልኳት።

«ሐኪምማ ደሴ አለልን። ያጣነው ትንፋሽ የሚያስረዝም ነው።»

አባቷ አያ ይማም አምባሰል ውስጥ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሆነው ነው ያረጁት፤ ዱቄቱ ሳንባቸውን ጎድቶታል። በአገራቸው ግን የሚታወቁት በወፍጮው ሳይሆን በዘፈን ነው። ሴት ልጆቻቸውን ሲድሩ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ በአምባሰል ቅኝት ዘፍነው ነው የሸኙት። አሁን የቀረችው የመጨረሻዋ ዘሐራ ናት፤ ሰርጓም ደርሷል። ችግሩ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሙሽራው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አያ ይማም «መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው ብዙ ወራት እምቢ ማለታቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። በኋላ ፈቅደዋል። ግን ለእህቶቿ ዘፍነው ለእሷ ዝም ቢሉ፣ ሰዉ «ልቡ አልፈቀደም» ማለቱ አይቀርም።

«ዝም ካለ በሕመሙ ነው የሚል የለም» አለችኝ። «በኔ ነው የሚሉት።»

ሐይቅ ላይ ለባልደረቦቿ አንድ ትምህርት እንድሰጥ፣ ከዚያ አባቷ ዘንድ እንድወጣ ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ የቼሎውን ሳጥን ከሩቅ አይቶ እጁን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ቀሰረ።

«ወንድሜ፣ እሱ ወደ ላይ ነው።»

«ወደ ላይ አይወጣም። ወንበር ቆርጬለታለሁ።»

«ወንበር? በል ስሙን ከነአባቱ ንገረኝ፣ ከተሳፋሪው ጋር ልመዝግበው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሳጥኑን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩና በገዛ ቀበቶዬ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። እስከ ደሴ ድረስ በወረድን ቁጥር ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር፣ ብርዱም ጣት ያደነዝዛል። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሁሉም ጃኬቱን አውልቆ ነበር። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ። ከሚሴ ለምሳ ቆመን ስከፍተው መቃኛዎቹ በደረቁ ሙቀት ተንሸራተዋል፣ ክሮቹ ረግበዋል፣ ክሮቹን ከፍ አድርጋ የምትይዘው እንጨትም ወድቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ አየሩ እንዲህ በአንድ ጊዜ ስለማይለወጥ እንዲህ ያለ ነገር አያጋጥመኝም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ሳይጠይቁኝ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉልኝ። እኔ ክሮቹን ሳጠብቅ እንጨቷን በሁለት ጣታቸው ቀጥ አድርገው ያዙልኝ። ስጨርስ ሽሮዬ ቀዝቅዞ ነበር። አንስተው ወስደው ትኩስ አመጡልኝ።

«የቀዘቀዘ አበሉኝ ብለህ አገሬን እንዳታማ» አሉኝ።

ደሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ፣ በካፊያ ነው። ያረፍኩበት ቤት አልጋው ከእኔ ያጥራል፤ መብራትም አልነበረም። ቼሎውን አልጋው ላይ አጋድሜ እኔ ጥጉን ያዝኩ። የቤቱ ጠባቂ የሆነች ሴት በሻማ መጥታ አየችንና «የታመመው የትኛችሁ ነው?» ብላ ሄደች። ስትመለስ እግሬን የምታጠብበት አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይዛ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፣ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ቅርብ ነው፤ ሚኒባሱ ግን ሰው ሊጭን በየቦታው ስለሚቆም ቅርብነቱ አይታወቅም። ዘሐራ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ከእሷ ጋር ወይዘሮ ብርቄ ነበሩ፤ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ፣ የትውልድ ቤታቸውም ከአያ ይማም አጥር ለአጥር ነው። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ይሄን ሁሉ የተሸከምከው ሰው ለማስተኛት ነው? የኛ ተማሪዎች ያለ ምንም ነገር ይተኛሉ» አሉኝ።

ምሳ የሐይቁን ዓሣ ጠብሰው አበሉኝ። ቢሾፍቱ ላይ ሐይቁን ለማየት የሆቴል ግቢ አቋርጦ መግባት ይፈልጋል፤ እዚህ ማሳው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ታርሷል፣ ገበሬውም በሬዎቹን እዚያው ያጠጣል። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከማዶ ይታዩ ነበር። በእግር ይደረሳል አሉኝ። እግሬ ግን እንቢ አለ።

ትምህርቱን ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ፣ ሰሌን አንጥፈን ጀመርን። መምህራኑ ትከሻና አንገት ማፍታታቱን በደስታ ሠሩ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደማደርገው «በጉልበታችሁ ተንበርከኩ፣ ጎንበስ በሉ፣ ግንባራችሁን መሬት አስነኩ» አልኩ። ለወገብ ደግ ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አንድም ቀን ጥያቄ አስነስቶ አያውቅም።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«በሃምሳው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ስግደት የለም። ክርስቲያን ሆኜ እኔው ረስቼዋለሁ።

«ስግደት አይደለም፣ ወገብ ለማፍታታት ነው» አልኩ።

«አንተ ወገብ በለው። ከማዶ ገዳም የሚያየኝ ግን ብርቄ በሃምሳው ሰገደች ነው የሚለው።»

የስፖርት መምህሩ ሰኢድ እጁን አወጣ። «እኔ ደግሞ ግንባሬን መሬት የማስነካው ለአላህ ብቻ ነው። የምንሰግድበት ቂብላም በጀርባችን ነው ያለው። ወላሂ ይሄ ሰውዬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ ትንፋሽ ሊያስኮንን ነው የመጣው!»

ሳቁ እስከ ውሃው ተሰማ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኝ ነበር። በጀርባችሁ ተኙ አልኳቸው፤ ይህ አኳኋን በሙያው በሬሳ ስም እንደሚጠራ አልነገርኳቸውም። ተጫወትኩ። ሰኢድ ከሁሉም ቀድሞ አንኮራፋ።

ሦስተኛው ቀን፣ ወደ አምባሰል

ጠዋት ከዘሐራና ከሰኢድ ጋር ወደ ውጫሌ ሄድን፤ ወይዘሮ ብርቄ ቀድመው ወጥተው ነበር። ከውጫሌ በላይ ያለው መንገድ በእግር ነው። ሰኢድ «ትናንት ያንኮራፋሁበትን ልካስ» ብሎ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አወጣው። አቀበቱ ሲጀምር ሰኢድ ከፊት፣ እኔ የኋላውን ጫፍ ደግፌ፣ ዘሐራ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ሆነን ወጣን።

አንድ ዋርካ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን ሁሉም ተነሡ። አንዱ «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ ሌላው አማተቡ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይከተሉን ጀመር። እኔ ለእንግዳ የሚደረግ ክብር መስሎኝ እጅ እየነሳሁ ሄድኩ። ጥቂት እንደሄድን አንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀብሩ የት ነው?» ሲሉ ሰኢድ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳጥኑ እንዳይወድቅ በደረቴ ነው ያስቀረሁት።

«ሙዚቃ ነው አባቶች! ለአያ ይማም ነው!» አለ ሰኢድ።

«ታዲያ ምን ታሸብሩናላችሁ? ሞቶ መስሎን እኮ ነው!» አሉ ሽማግሌው። ተቆጥተው ግን አልተመለሱም፤ አቀበቱ እስኪያልቅ አብረውን ወጡ፣ ተራ በተራም ተሸከሙልኝ።

አያ ይማም በረንዳቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ከሲታ ናቸው፤ ትከሻቸው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ጆሯቸው ከፍ ይላል። ይህን ሳይ ልቤ ፈራ። አየር ያጠረው ሰው ብቻ ነው በትከሻው የሚተነፍሰው።

«ትንፋሽ የሚሸጠው ይሄ ነው?» አሉ ለልጃቸው።

«አልሸጥም አባባ። ያለውን ለማስረዘም ነው።»

«ያለው ይሄው ነው» ብለው አንዴ ሳሉ።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ከሆስፒታል ስለተሰጣቸው የሚሳብ መድኃኒት ነበር። ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል፤ ለሰርጉ ቀን እየቆጠቡት ነበር። ሐኪሙ እንዳዘዘው ካልወሰዱ ሥራ አልጀምርም አልኩ። እያጉረመረሙ አስወጡት። ከዚያ ቼሎውን ስከፍት ተጠግተው አዩት።

«ይሄማ ማሲንቆ ነው፤ ሰብቶ ነው እንጂ። ምን ቢያበሉት ነው?»

አሠራሬ ቀላል ነበር። እጃቸውን እምብርታቸው ላይ ያሳርፋሉ። እኔ ደጋኑን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በቀስታ እስባለሁ፤ እሳቸው ድምፁ እስኪያልቅ አየሩን ሳይገፉ በ«እ» ይለቁታል። የእሳቸው አምባሰል አንድ ስንኝ በእኔ አንድ ሙሉ ደጋን ነው። ደጋኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሻቸው አለቀ።

«ደጋንህ ረዘመ» አሉ።

«ደጋኑ ያው ነው።»

«እንግዲያው ሆን ብለህ ትጎትተዋለህ።»

«በመሃል ትንሽ ቢተነፍሱስ?»

ዓይናቸው ተለወጠ። «ስንኝ መሃል የሚተነፍስ ዘፋኝ አቀበት ላይ እንደሚያነክስ በቅሎ ነው። የተቀመጠበት ያፍራል። ለትልቋ ልጄ ሳልቆርጥ የዘፈንኩትን ለትንሿ ቆርጬ? አላደርገውም።»

ራት ዶሮ ነበር፤ ከእሳቸው ማድቤት ግን አልመጣም። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ዶሮዋን ለወይዘሮ ብርቄ ወንድም ልከው እሱ ባርኳት፣ በእነሱ ድስት ተሠርታ በአጥሩ ላይ ተሻገረች። አያ ይማም አብረውኝ አልበሉም፤ እስክጠግብ ግን ከአጠገቤ አልተነሡም።

አራተኛው ቀን፣ እዚያው

ጠዋት ሦስት አራተኛውን ደጋን ያዙ። በእረፍታችን ዜማቸውን አስጠኑኝ፤ ከዚያ ደገምን። እኩለ ቀን ላይ የደጋኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆሙ፤ «አየህ!» አሉና እንደ ልጅ ጭኔን መቱት። ደክሞኝ የነበረውን ረሳሁት። ከእነዚያ ሁሉ ሆቴሎች ይልቅ እዚህ በረንዳ ላይ ነቅቶ የሚያዳምጠኝ ሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድግሱ እሳት ተቀጣጠለ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር እንጨቱ እርጥብ ነው። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ትቶ መሬት ለመሬት ወደ በረንዳው መጣ። ተሯሩጠን ወደ ወይዘሮ ብርቄ ቤት አሻገርናቸው፤ ሳሉ ግን ቀድሞን ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲበርድላቸው ደጋኑን ሳብኩ። ግማሽ እንኳ አልደረሱም። ሦስተኛ ጊዜ ላይ እጄን ያዙና «ተወው» አሉ።

ዘሐራ ስትመጣ እጇ ላይ ሂና ተደርጎላት በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። ወይዘሮ ብርቄ ጠረጉላት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ነገ ይችላል?»

«ግማሽ ስንኝ።»

«ግማሽ ዘፍኖ ከሚያቆም ባይጀምር ይሻላል። ሲያቆም ተናንቆት ነው ይላሉ።»

ሐኪም አይደለሁም ያልኳት ዕለት እዚያው ማቆም ነበረብኝ ብዬ አሰብኩ።

አምስተኛው ቀን፣ ሰርጉ

ግቢው በዳሱ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ በኩል የእስላሙ ድስት፣ በሌላው የክርስቲያኑ። ወይዘሮ ብርቄ የክርስቲያኑ አዛዥ ነበሩ። ውሃ ላግዝ ብዬ ስጠጋ ጭልፋቸውን አነሡብኝ።

«ይሄን ሰው ከድስት አርቁልኝ! ስግደቱን እንደቀላቀለው ወጡንም እንዳይቀላቅልብን!»

ሙሽራው ከሰዓት በኋላ ከሚዜዎቹ ጋር በከበሮ መጣ። ዓይነ አፋር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ልጅ ነው። ሲበላ አማቱን ቀና ብሎ አላየም። እንግዳው ግን ሁለቱንም ያይ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይዘፍን ይሆን?» ስትል ሌላዋ «እንጃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል» አለቻት።

ዘሐራን አወጧት። መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከበሮው ቆመ። አያ ይማም ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ማታ «ስነሣ መነሻውን ስጠኝ» ብለውኝ ስለነበር የመነሻውን ድምፅ በቼሎው ሰጠኋቸው። እጃቸውን እምብርታቸው ላይ አደረጉ፤ በትከሻቸው ሳይሆን ከሆዳቸው ሳቡ። አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ እጃቸውን ከሆዳቸው አንሥተው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ግቢው ሙሉ እጅ ተዘረጋ። ክርስቲያኑም ዘረጋ። እኔ ደጋኑን ከክሩ ላይ አነሣሁ።

«ጎጇችሁን ያሙቀው» አሉ አያ ይማም።

«አሚን!» አለ ሰዉ። ያን ያህል ሕዝብ አሚን ሲል ረጅም ነው። በዚያ መሃል አያ ይማም ተነፈሱ። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

«ከዓይን ያውጣችሁ።»

«አሚን!»

«ልጅ ይስጣችሁ። ልጁም ከእናቱ ይልቅ አባቱን የሚሰማ ይሁን።»

ሳቅና አሚን ተደባለቀ፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ተነፈሱ።

ስለ ዝናብ መረቁ፣ ስለ ከብት መረቁ፣ ስለ አገር ሰላም መረቁ። ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞሩ። «መንገድህን አላህ ይጠብቅልህ። ቁልቁለቱን ፍሬን ይስጥህ፣ አቀበቱን ጉልበት ይስጥህ። በየደረስክበት የሚያሳድር ደግ ሰው አይጣህ። በልቤ ይዤብህ የነበረውን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አፉ ብያለሁ።»

አሚኑ ከማዶው ተራራ ተመለሰ። ሙሽራው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። ምርቃቱ ገና አላለቀም ነበር። ታች መንገድ ላይ የቆሙት መኪኖች ጥሩንባ ማሰማት እስኪጀምሩ መረቁ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ስለ ዘፈኑ አንድም ቃል አላነሡም፤ አንደኛዋ «ለየትኛዋ ልጁ ነው እንዲህ የመረቀው?» ስትል ብቻ ሰማኋት።

ዘሐራ ከሄደች በኋላ አያ ይማም መደባቸው ላይ ወደቁ ማለት ይቻላል። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው። ከንፈራቸው እስኪቀላ ድረስ አጠገባቸው ቆየሁ።

«ዘፈኑስ አባባ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ያለኝ ትንፋሽ ለአንዱ ነው የሚበቃው» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተ ተጫወተው። ሙሉ ደጋን ግን እንዳትስብ። እኔ የምቆምበት ላይ ቁም።»

ቼሎውን አቆምኩ። ትናንት የተማርኩትን ዜማ ጀመርኩ፤ ስንኙ መሃል ላይ፣ የእሳቸው ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ስደርስ ደጋኑን አነሣሁ። ወይዘሮ ብርቄ ትልቁን ድስት በሁለት እጃቸው አቅፈው በፊታችን እያለፉ ነበር። ጸጥ ሲል፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «አሜን» አሉ። ዕቃ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ «አሚን» አለች። ሌሎቹም ተከተሉ።

አያ ይማም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ አሉ። የቀረውን ግማሽ ስንኝ ለመቀጠል፣ ሁሉም አሚን ብለው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።